ያልጎረስሁት የዘጌ ጉርሻ

መስከረም 20 ቀን 1974፣ ረቡዕ

ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ በሐይቁ ዳር ዳር ተመለስሁ። ክረምቱ ሊወጣ ነው መሰለኝ፣ ጣና ዛሬ ዝም ብሎ ተኝቷል። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሁለተኛ ቴሌግራም ልኮብኛል። «ጽሑፍሽ ዘገየ፤ አንባቢ ይጠይቃል።» ይጠይቅ እንጂ! ስለ ባሕር ዳር ሴቶች አዲሱ የፀጉር አሠራር ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ፍሬ የለውም። ይልቅ የዚያ ሹም ሚስት... ኧረ ተይ፣ የሺአረግ። ይሄ በግል ደብተርም አይጻፍ።

መዲና ከሱቋ በር ላይ ጠራችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ናት። እሷና ባሏ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ወሬውን ግን ብቻዋን ነው የምታከፋፍለው። እሸት በቆሎ ጠብሳ ነበር፣ አንዱን ሰጠችኝ። ነከስሁ። ቀጭ! ከግራ ጆሮዬ ሥር። እሷም ሰማችው።

«በቆሎው ነው?»

«መንጋጋዬ ነው።»

«ውይ! እኔ ደግሞ ቆረቆንዳውንም ልትበላው ነው ብዬ...» ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሰኔ ጀምሮ እንዲህ ቀጭ ይላል። አያምም። ምን ይሆናል?

መስከረም 23፣ ቅዳሜ

ተቆለፈ።

ቁርስ ላይ ነው። ዳቦ ይዤ አፌን ስከፍት መሀል ላይ ቆመ። ገፋሁት... አልሄድ አለ። አንድ ጣት ነው የሚያስገባው። ታናሽ ወንድሜ ወልደ ዮሐንስ ሲያየኝ ደነገጠ።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«አልከፈት አለኝ» አልሁት በጥርሴ መሀል። ውኃ አመጣልኝ፤ ግማሹ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። አንድ ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ግድግዳ አየሁ። ከዚያ በራሱ ጊዜ ቀጭ አለና ተለቀቀ።

ተመስገን አልሁ። ግን ተመልሶ ቢቆለፍስ? መንገድ ላይ ቢሆንስ? በሰው ፊት? ደግሞስ ተከፍቶ ቢቀርስ!

መስከረም 28፣ ሐሙስ

አጥሚት። ሾርባ። አጥሚት።

አሁን ይከፈታል እኮ። እኔ ነኝ የማልከፍተው። ሲያዛጋኝ አገጬን በመዳፌ እደግፋለሁ። ስስቅ በአፍንጫዬ ነው። ትናንት የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ መፈክር ሲባል እጄን ከሁሉም በላይ አነሳሁ፣ አፌን ግን ለከንፈር ያህል ብቻ። ከጎኔ የነበረችው ጓዲት ዘወር ብላ አየችኝ። «ድምፅሽ የት ሄደ?» «ጉንፋን ነው» አልሁ። ለአለቃዬ ደግሞ ጥርሴን ነው ብያለሁ። ለመዲና ምንም አላልሁም። ለምን እንደምዋሽ አላውቅም... አፈርሁ መሰለኝ። አፏ የማያርፍ ሴት አፏ ተቆለፈ ቢባል ማን ያዝንላታል?

ጥቅምት 2፣ ሰኞ

የፊታችን እሑድ ዘጌ እንሄዳለን። ወልደ ዮሐንስ ከደስታው ብዛት ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፤ አንገትጌውን አቃጠለው!

እናታችን ስትሞት ይህ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ዛሬ ወደ ዘጌና ቁንዝላ የሚመላለሰው ጀልባ መካኒክ ነው። እጮኛውን ወለላን ያያት እዚያው ዘጌ፣ ጀልባው ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ቀን ሲያድር ነው። (ሞተሩ እውነት ተበላሽቶ ነበር? እስካሁን አላመነልኝም።) ሽማግሌዎቹ በነሐሴ ሄደው እሺታውን ይዘው መጥተዋል። የቀረው እኔን ማየት ነው። በእናቱ ቦታ ያለሁት እኔ ነኛ።

የሚበላ ያቀርባሉ። ምን አደርጋለሁ? ቀስ ብዬ፣ ጥቂት ጥቂት...

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ከዘጌ አሁን ተመለስን።

የወለላ እናት እትዬ እናትዓለም ባልቴት ናቸው። ባላቸው መርጌታ ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ እጃቸው ደግሞ ትልቅ፣ ዕድሜ ልኩን ቡና የለቀመ እጅ። በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ፤ አንገቴን አቅፈው ደጋግመው ሳሙኝ። ቤቱ ንጹሕ። ዶሮው ከነሽታው ይጠራል። መሶቡ ሲከፈት እኔ ገና እጄን ሳልሰድ፣ እሳቸው ጠቅልለው ጠቅልለው... እንቁላሉን ከነሥጋው፣ የጨቅላ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ!

«በይ፣ የኔ ልጅ።»

መጣ። ወደ አፌ መጣ። ዓይኔ ያ ጉርሻ ላይ፣ ጆሮዬ ውስጥ ያ ቀጭ የሚለው ድምፅ... ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁና ፊቴን አዞርሁ።

«ጠገብሁ» አልሁ።

ገና አንድ ጊዜ አልቆረስሁም እኮ!

«ምኑን በልተሽ?» አሉ በሳቅ። «አፈር ስሆን!»

ራሴን ነቀነቅሁ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። የተሰበሰበው ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጉርሻውን መልሰው መሶቡ ጥግ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተነሥተው ሄደው እጃቸውን ታጠቡ።

ስንመለስ ወልደ ዮሐንስ ጀልባው ላይ ጀርባውን ሰጠኝ። ወደብ ልንደርስ ስንል ብቻ፣ «አፈር ስሆን እያሉሽ?» አለኝ።

አምና በመጽሔቱ ላይ «አፋቸውን እንደ ቦርሳ ዚፕ በስሱ የሚከፍቱ የከተማ እመቤቶች» ብዬ አገር አሥቄ ነበር። ይኸው። እኔው ሆንሁ።

ጥቅምት 14፣ ቅዳሜ

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ገብረ መስቀል፣ ቤት መጡ። አልቀመጥም አሉ። እትዬ እናትዓለም የላኩት ቃል ይህ ነው፦ «እጄን ለጠረጠረ ቤት ልጄን አልሰጥም።»

እጄን ለጠረጠረ። ምግቡ ውስጥ መድኃኒት አለበት፣ ወይም ሴትዮዋ ዓይኗ ክፉ ነው ብዬ የሸሸሁ መስሏቸዋል። በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ለሴት ከዚህ የከፋ ስም አለ? መንደሩም ሰምቷል። የመርጌታ ሚስት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት...

ወልደ ዮሐንስ እንደ ልጅነቱ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ያኔ ነው ሁሉንም የነገርሁት።

«ታዲያ ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? አፌ ይቆለፋል ብዬ? ጋኔን ነው ቢሉስ? እኅቱ በሽተኛ ናት ቢሉስ?»

«ከጠርጣሪ በሽተኛ ይሻላል፣ እታለም።»

እውነቱን ነው። ግን ብሄድ ያጎርሱኛል። ካጎረሱኝ መክፈት ሊኖርብኝ ነው። ዳግመኛ ፊቴን ባዞር ግን ሠርጉ ቀረ ማለት ነው፤ ለዘለዓለሙ።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ

መዲና በመጨረሻ አወቀችብኝ። «አንቺ፣ ሦስት ሳምንት ወሬ ሳትነግሪኝ? ወይ ታመሻል ወይ ተጣልተሽኛል!» ነገርኋት። ነጠላዬን ራሷ አልብሳኝ ጎትታ ወሰደችኝ።

አቶ መርስዔ ኀዘን ዘንድ። ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት አጥንት ሲያሹ፣ ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ። ግቢያቸው ከሐይቁ ጋር በሸምበቆ ብቻ ነው የሚለየው። በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ።

«ክፈቺ።»

ከፈትሁ።

«ይሄ መክፈት ነው? ይሄማ ለሹክሹክታ ነው።»

መዲና ከኋላዬ፣ «ለሹክሹክታ ከሆነማ ይበቃታል፣ አባባ። እንጀራዋ እኮ ነው!»

ከሁለቱም ጆሮዎቼ ፊት ጣታቸውን አድርገው ክፈቺ፣ ዝጊ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሉኝ። ጣታቸው ለስላሳ ነው፤ ሳላስበው ዓይኔን ጨፈንሁ።

«የተሰበረ ነገር የለም» አሉ። «መጋጠሚያው ውስጥ እንደ ትራስ ያለች ልስልስ ነገር አለች። ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስትመለስ ቀጭ ትላለች። አልመለስ ያለች ዕለት ይቆለፋል። እሱ አልፏል፤ ተለቅቋል።»

«ታዲያ አሁን ለምን አይከፈትም?»

«አሁን የዘጋሽው አንቺ ነሽ። ትፈሪያለሽ፣ አታንቀሳቅሽውም። ካላንቀሳቀስሽው ይደርቃል። ሲደርቅ ያምማል። ሲያምም ይብስ ትፈሪያለሽ። ክንድሽን ጠቅልለሽ አንድ ወር ብታስቀምጪው ይዘረጋልሻል?»

ክንዴን ዘረጋሁና መልሼ አጠፍሁት።

«ጥርስሽን ትነክሻለሽ?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«አሁን ራሱ ነክሰሽዋል።»

እውነት! የላዩና የታቹ እንደ ተገጠመ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው? በመንገድ ላይ ሳስበው መጣሁ። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ወልደ ዮሐንስ ታስሮ በነበረበት ጊዜ። ሰባት ወር። ስንቁን ይዤ በር ላይ ስቆም፣ ዘበኛው «መልሰሽ ውሰጅው» እንዳይለኝ... ያን ያሏት ሴት ልጇን ዳግም አታየውማ። ያኔ ነው የገጠምሁት። ልጁ በሰላም ወጣልኝ፤ ጥርሴን ግን ልቀቂው ያለኝ አልነበረም።

አቶ መርስዔ ያዘዙኝ፦ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ጉንጬ ላይ። ከዚያ ምላሴን ላንቃዬ ላይ አድርጌ ቀስ ብሎ መክፈት፣ ስድስት ጊዜ። ጥርስና ጥርስ የሚገናኙት ምግብ ሲኖር ብቻ። ፓፓያ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ዓሣ፤ ከሳምንት በኋላ የዳቦ ልብ፤ ከዚያ የዳቦ ቅርፊት። «መፍራትሽ አይቀርም» አሉኝ። «እየፈራሽ ክፈቺው።»

እግዜር ይስጣቸው። ቀና ብዬ ወጣሁ።

ጥቅምት 18፣ ረቡዕ

ስድስት ጊዜ። መስታወት ፊት። ምላስ ላንቃ ላይ ሆኖ ሲታይ የሚያስቅ ነገር ነው። ወልደ ዮሐንስ በበሩ አይቶኝ ወጣ፤ ውጭ ቆሞ ሲስቅ ሰማሁት። ከዘጌ ወዲህ ሲስቅ ገና ዛሬ መስማቴ ነው። ተመስገን።

ጥቅምት 25፣ ረቡዕ

አፌ አሁን ሁለት ጣት ያስገባል።

ዛሬ ቀጭ አለብኝና ሮጬ አቶ መርስዔ ዘንድ ሄድሁ። «ተቆለፈ?» «አልተቆለፈም።» «አመመሽ?» «አላመመኝም... ግን ጮኸ!» «የኔም ጉልበት ይጮሃል፤ ይኸው ገበያ ደርሼ መጣሁ። ድምፅ አይነክስሽም።»

ኅዳር 2፣ ሐሙስ ሳይሆን ረቡዕ (ቀኑ ጠፍቶኛል)

የዳቦ ቅርፊት። አንድ ቁራጭ፣ የጣት ጥፍር የምታህል። ግማሽ ሰዓት አየኋት። አየችኝ። መዲና የራሷን ሥራ ትታ ከፊቴ ቁጭ ብላለች።

«አንበሳ አይደለችም እኮ። ዳቦ ናት።»

«ቆይ።»

«እኔ ልንከስልሽ?»

«ቆይ አልሁሽ!»

ነከስሁ። በግራ በኩል። ላቤ በጀርባዬ ወረደ... ተሰበረች። ቅርፊቷን ነው የምለው። መንጋጋዬ ምንም። መዲና «አልሐምዱሊላህ!» ብላ አጨበጨበች፤ ከሱቁ ውጭ የነበረ ገበያተኛ ሁሉ ዞሮ አየን። እንዲህ ያለች ጎረቤት የሰጠኝ አምላክ ይመስገን።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ሁለት ጣት ተኩል። ወልደ ዮሐንስ ምንም አይጠይቀኝም። ጀልባው ዘጌ ሲደርስ ከሞተሩ ቤት አይወጣም አሉ። ወለላ ከወደቡ ላይ ቆማ አይታ ትመለሳለች አሉ።

ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ? ሦስት ጣት እስኪሞላ? ቅዳሜ ለኅዳር ሚካኤል እሄዳለሁ። ብቻዬን።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

አሁን ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም።

ከወደቡ በጫካው መሀል ባለችው ቀጭን መንገድ ወጣሁ። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ልቤ ግን ይነድዳል። ሌሊቱን ስሰናዳበት ያደርሁት ንግግር ነበረኝ። አጭር፣ ያማረ፣ ለመጽሔት የሚሆን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ከግቢያቸው የቡና ዛፍ ሥር አገኘኋቸው። የደረሰውን ቀይ ፍሬ ለቀም ለቀም ያደርጋሉ።

«እንደምን ዋልሽ» አሉ። ዓይናቸው ከቅርንጫፉ አልተነሣም።

«እትዬ፣ ልነግርዎ የመጣሁት...»

«ንገሪኝ። ሥራ ላይ ያለው እጄ ነው፤ ጆሮዬ ባዶ ነው።»

ንግግሩ ጠፋኝ። ሁሉም። አንዲት ቃል አልቀረችም።

«እጅዎን ይስጡኝ» አልሁ።

ያኔ ቀና አሉ። «የትኛውን? የጠረጠርሽውን?»

«እሱኑ።»

ገልበጥ አድርገው አዩት። ከዚያ በቀሚሳቸው ጠረጉትና ሰጡኝ። ያን ትልቅ እጅ ወስጄ ግራ ጉንጬ ላይ፣ ከጆሮዬ ፊት አደረግሁት። ምላሴን ላንቃዬ ላይ። ቀስ ብዬ ከፈትሁ።

ቀጭ።

እጃቸውን እሳት እንደ ነካው ሰው ሳቡ። «በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ?»

«መንጋጋዬ ነው። በመስከረም ተቆልፎብኝ ነበር። ያን ዕለት በፊትዎ ቢቆለፍብኝስ ብዬ ፈራሁ። እጅዎን አልጠረጠርሁም፣ እትዬ። የጠረጠርሁት አፌን ነው።»

እጃቸውን በራሳቸው መልሰው ጉንጬ ላይ አደረጉት።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምሁት። ቀጭ አለ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«አምስት ሳምንት እጄን ሳየው ከረምሁ እኮ» አሉ። «ወለላን እጄ ምን ይመስላል እላታለሁ። ለጎረቤት ቆሎ ስዘግን እንኳ፣ ይቀበሉኝ ይሆን እያልሁ።»

እኔ ስለ አፌ ብቻ ነበር የማስበው። ጠዋት አፌ፣ ማታ አፌ። የሳቸው እጅ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን አስቤያለሁ? እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

«ተይ፣ ተነሽ። በሞትሁት... ለምን አልተናገርሽም?»

«አፍሬ።»

«ስለ ሰው አፍ ስትጽፊ አፍረሽ አታውቂም! ወለላ እኮ ታነብልኛለች።»

«ያንን... የቦርሳውን?»

«እሱንማ ሁለት ጊዜ አስነብቤዋለሁ።»

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በአፌ። ወለላ ከቤት ሮጣ ወጣች፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።

እትዬ እናትዓለም ከእንቅቡ አንድ ቀይ ፍሬ መረጡ። «ክፈቺ አልልሽም» ብለው በሁለት ጣታቸው ከንፈሬ ላይ አደረጉልኝ። «አትንከሺው። ምጠጪው።»

የቡና ፍሬ ልጡ እንዲህ ይጣፍጣል? አርባ አንድ ዓመት እዚህ ሐይቅ ዳር ኖሬ አላውቅም ነበር።

ኅዳር 13፣ እሑድ

ለወልደ ዮሐንስ ስነግረው ወጥቶ ጀልባውን አጠበ። በእሑድ!

ታኅሣሥ 9፣ ዓርብ

ዛሬ ሥራ ቦታ ተቆለፈ። አሥር ደቂቃ ያህል። ፈራሁ... ግን የመስከረሙ ዓይነት ፍርሃት አይደለም። ጨርቄን በሙቅ ሻይ ብርጭቆ ላይ አሙቄ ጉንጬ ላይ አደረግሁ፣ ምላሴን ላንቃዬ ላይ፣ ጥርሴን ለቀቅሁ። ተፈታ። አለቃዬ «ደግሞ ጥርስሽን ነው?» አለኝ። «መንጋጋዬ ነው፤ አንዳንዴ ይቆለፋል» አልሁት። እንዲሁ በቀላሉ። «የእኅቴም እንዲያ ያደርጋታል» አይለኝም! አቶ መርስዔ ዘንድ ላካት አልሁት።

ቀኑ ተቆርጧል። ጥር ሃያ ሦስት።

ጥር 23፣ እሑድ

በሦስት ጀልባ ሄድን። ከወደቡ እስከ ቤቱ ድረስ ዘፈን። ወልደ ዮሐንስ ላቡ ሸሚዙን አራሰው፤ አንገትጌው ግን ደህና ነው። እትዬ እናትዓለም ስንት ጊዜ እንዳጎረሱኝ አላውቅም። ደክሞኛል። አምላኬ ሆይ፣ ያን ልጅ ከዚያ በር መልሰህ ለዚህ ቀን ስላበቃህልኝ... ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ጥር 26፣ ረቡዕ

መዲና ወረታ ከተማ ያሉ ቤተሰቦቿ ዘንድ ወር ያህል ቆይታ ዛሬ ተመለሰች። ሠርጉ ስላመለጣት ከሱቋ በር ላይ ይዛኝ፣ ማን ምን ለበሰ፣ ማን ሰከረ፣ ማን አኮረፈ፣ አንድ በአንድ አስወራችኝ። ጉሮሮዬ እስኪደርቅ። ስንቅ ብላ ካመጣችው ቆሎ ከፊታችን አድርጋ ነበር፤ ሳወራ ስቆረጥም አለቀ።

«እኔ የምልሽ፣ መንጋጋሽ እንዴት ሆነ?» አለችኝ በመሀል።

«የቱ?»

«የቱ ትለኛለች! ያ ያመመሽ ነዋ። የትኛው ጎን ነበር?»

እጄን ወደ ፊቴ አነሣሁ። ወደ ቀኝ ልወስደው አልሁ፣ ተውሁት። ወደ ግራ...

«ግራው መሰለኝ።»

«መሰለኝ?!» ጮኸች መዲና። «አገር ስታስጨንቂ ከርመሽ፣ መሰለኝ?»

አሁን ይህን ስጽፍ ሁለቱንም ጎን ዳሰስኋቸው። አንድ ናቸው።